ተቀምጦ የሚነፋ ጡሩምባ

ጂማ ውስጥ በበቾ ቦሬ ሰፈር ሰው ሲሞት ወሬው የሚሰማው በአንድ ሰው ሳንባ ነበር። የሌላው ሰፈር ጡሩምባ ነፊ ሁለቴ ጡ ጡ አድርጎ ወደ ብርድ ልብሱ ይመለሳል። ዋቅጅራ ግን የእድሩን የቆርቆሮ ጡሩምባ ይዞ ገና ሳይነጋ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲቆም፣ አንዴ የለቀቀው ድምፅ ቁልቁል ወርዶ የአዌቱን ወንዝ ይሻገርና ማዶ የተኛውን ሰው ቁጭ ያደርገዋል። እድሩ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ስለነበር ለሁሉም የሚነፋው አንድ ዓይነት ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ የሚል። ባለጸጋ ሞተ ብሎ አያስረዝምም፣ ድሃ ሞተ ብሎ አያሳጥርም። በየአጥሩ የተለጠፈው መፈክር ሁሉ ስለ እኩልነት ያወራል፤ እኩልነት በጆሮ የተሰማው ግን በዚህ ሰው ጡሩምባ ብቻ ነበር።

ቀን ቀን ቡና ጫኝ ነው። ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ በጣውላው ላይ እየተንጎራደደ ወጥቶ፣ ሲወርድ “ሌላ የለም እንዴ?” የሚል ዓይነት ሰው። በ1970 ዓ.ም. ሰቃ ከተማ ላይ የቡና ርክክብ ዘመቻ ታወጀ። በዚያ ዘመን ዘመቻ ያልሆነ ነገር እንቅልፍ ብቻ ነበር። አንድ ካድሬ ከኤንትሬዋ የጭነት መኪና ሥር ቆሞ “ከዕቅድ በላይ! ከዕቅድ በላይ!” እያለ ሲያበረታታ፣ ኤንትሬዋ ከቤት ጣሪያ በላይ ተቆለለች። ሠራተኛው ነቅቷል፣ ጆንያው ተደራጅቷል፤ ገመዱ ግን የፖለቲካ ንቃቱ ዝቅተኛ ስለነበር ተበጠሰ። ዋቅጅራ ከአናቷ ላይ ከነጆንያው ወረደ። ካድሬው በሪፖርቱ ላይ ዕቅዱ መሳካቱን ጻፈ፤ እርግጥ ነው፣ ጆንያዎቹ አልተጎዱም።

ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉለት። አከርካሪው ከትከሻዎቹ ዝቅ ብሎ ስለተሰበረ ከጡቱ በታች ያለውን አካሉን ግን ማንም ሊመልስለት አልቻለም። እጁ ደኅና ነው፤ ስለዚህ ጆንያ መጫኑ ቀርቶ የተቀደደ ጆንያ መስፋት ያዘ። ባልንጀራው አብዱልፈታሕ፣ ድንኳንና ጆንያ ሰፊው፣ ሁለት ጎማ ያለው ጋሪ ሠራለት። ሚስቱ እታገኝ ጎኑ እንዳይቆስል ቀንም ሌትም እያገላበጠች ታስተኛዋለች። ለእግሩ አላለቀሰም። ያለቀሰው አንድ ምሽት ኩራዙን ላጥፋ ብሎ እፍ ሲል ነው። ነበልባሉ ትንሽ ዘንበል አለና ተመልሶ ቆመ።

አዌቱን በድምፁ የሚሻገረው ሰው ኩራዝ ማጥፋት አቃተው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አለፈ። ድምፁ ከአልጋው ተነሥቶ በሩ ላይ ሳይደርስ ይደክማል። ሲናገር ከጥቂት ቃል በኋላ ያርፋል፤ ሰው ደግሞ ያለቀ እየመሰለው ወሬውን ይነጥቀዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር አክታ ደረቱን ይዘጋዋል፤ ጠራርጎ የሚያወጣው ሳል የለውም። ሰፈርተኛው በሙሉ ሐኪም ሆነ። “ብርድ ነው፣ መስኮቱን ዝጉ!” “የታመመ ደረት አይተኛም፣ በትራስ ደግፋችሁ አስቀምጡት!” “ብዙ አታናግሩት፣ ትንፋሹ ያልቃል!” እታገኝም የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። መስኮቱ በምስማር ተመታ፣ ትራሱ ተቆለለ፣ ዋቅጅራ በተቀመጠበት ያለከልካል።

ጡሩምባው ከፈለ ለሚባል ሰው ተሰጠ። ከፈለ የቀበሌው የኪነት ቡድን ጡሩምባ ነፊ ነው። ሳንባ አለው፣ ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ ሳንባው ላይ ያለችው ነፍስ ነች፤ ጭብጨባ ካልሰማች አታርፍም። የሰውን ሞት በሰልፍ ማርሽ ያውጃል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መሐሉ ላይ ያንቀጠቅጣል። አንድ ጊዜ የአንድ አዛውንት ሞት በተነፋ ማግስት ሦስት ሰዎች ሰርግ መስሏቸው በነጭ ልብስ መጥተዋል። እድሩ ይህን ቢያውቅም፣ ጡሩምባ ነፊ ከሌሊት የጥበቃ ሮንድ ነፃ ስለነበር ከፈለ ጡሩምባዋን እንደ እናቱ ጡት ይዟት ነበር።

ዋቅጅራ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። በሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

“ሰው እኮ ነው… የሞተው” ይላል ለእታገኝ፣ እያረፈ። “ዶሮ… አይደለም።”

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጡሩምባው እንዲመለስለት። ይህን ለማንም አይናገርም፤ ቢናገርም ዓረፍተ ነገሩን የሚያስጨርሰው የለም።

በ1976 ግንቦት ላይ አጠገባቸው ያለውን ቤት ሲስተር መንበረ ተከራየች። የወሎ ልጅ ናት፤ ከጦር ሜዳ ወገባቸውና አንገታቸው ተመትቶ የመጡ ወታደሮችን አዲስ አበባ የሰውነት እንቅስቃሴ ስታሠራ ቆይታ፣ ጂማ የጤና ተማሪዎችን እንድታስተምር የተላከች። ምላሷ ከመርፌዋ ይበልጥ ይወጋል። በገባች በሁለተኛው ቀን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ እታገኝን ጠራቻት።

“እትዬ፣ ጓዳችሁ የሚያስነጥሰው ድመት ነው?”

“ባሌ ነው። እያሳለ ነው።”

“ይሄ ሳል ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ። ልግባ?”

ገባች። የተመታውን መስኮት አየች፣ የትራሱን ክምር አየች። የጋዜጣ ቅዳጅ ከጣሪያው ማገር ላይ በክር አንጠለጠለችና ፊቱ ፊት አወረደችው። ቅዳጁ ላይ ግማሽ የባለሥልጣን ንግግር ነበረበት።

“ጋሽ ዋቅጅራ፣ እፍ ይበሉበት።”

እንደተቀመጠ እፍ አለ። ንግግሩ ንቅንቅ አላለም። ትራሱን አንድ በአንድ እየጎተተች በጀርባው ዘረጋችው። እታገኝ “ኧረ ይታፈናል!” ብላ እጇን ያዘቻት። ሲስተር መንበረ ክሩን አስረዝማ ቅዳጁን እንደገና ፊቱ ላይ አወረደችው።

“አሁንም።”

እፍ አለ። ወረቀቱ ተርገበገበ። ከዚያ ሁሉ ንግግር መሐል ለሰው የጠቀመ የመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን አይቀርም። ዋቅጅራ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ደገመ፤ አሁንም ተርገበገበ።

“ስድስት ዓመት ሙሉ… ሲያስቀምጡኝ?”

“ሲያስቀምጥዎ የኖረው የሰፈሩ ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ አናቶሚ አልተማረም” አለች። “ይስሙኝ። ከሳንባዎ ሥር ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ። ትእዛዙ ከአንገት ስለሚመጣለት አልተጎዳም። የሆድዎ ጡንቻዎች ግን በሙሉ ሥራ አቁመዋል። እርስዎ ጆንያ ያውቃሉ፤ አፉ ያልታሰረ፣ ግማሽ የጎደለ ጆንያ ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት ምን ይሆናል?”

“ይዘረገፋል። ወደ ፊት።”

“ሆድዎ እሱ ነው። ሲቀመጡ ወደ ፊት ይዘረገፋል፣ ዲያፍራሙንም ይዞት ይወርዳል። የወረደ ነገር ደግሞ ከዚያ በታች ምን ይስባል? ሲተኙ ሆድዎ ራሱ መልሶ ይገፋዋል።”

ነገሩ በዘመኑ ቋንቋ ሲገለጽ፣ ከመላው ሰውነት አንድ ወዛደር ብቻ ሥራ ላይ ቀርቶ ሌሎቹ አድማ መትተዋል፤ ሰፈሩ ደግሞ ያንን አንዱን ወዛደር በትራስ ሲያሰቃየው ኖሯል።

“እግሬስ?” አለ ዋቅጅራ።

“እግርዎን እኔ አልሸጥልዎትም። እኔ ያለችኝ ትንፋሽ ናት።”

በዚያው ቀን መስኮቱ ተከፈተ። ጠዋት ጠዋት በጀርባው ተኝቶ ሆዱ ላይ ከረጢት ይጫንበታል፤ ወደ ውስጥ ሲስብ ከረጢቱን ማንሣት አለበት። መጀመሪያ ከረጢቱን የሞሉት በቡና ነበር። አብዱልፈታሕ አይቶ ደነገጠ።

“አቦ፣ ቀበሌ ቢያይህ ሆዱ ላይ ኮንትሮባንድ ደብቋል ይሉሃል። ሽባ ሆነህ መታሰር አምሮሃል? አሸዋ አድርግበት።”

ከሰዓት ደግሞ የፓፓያ ቅጠል ዘንግ፣ ያቺ ውስጧ ክፍት የሆነችው፣ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባና ዋቅጅራ እየነፋ ውኃውን ያንፈቀፍቃል። ዘንጓ ወደ ታች በገባች ቁጥር መንፋቱ ይከብዳል። እታገኝ ሳል ማገዝ ተማረች፤ እሱ ሲያስል ሁለት መዳፏን ከጎድኑ ሥር አድርጋ ወደ ላይ ትገፋለች። ሲስተር መንበረ ሌላም አስተማረችው፤ ትንፋሽ ስቦ ሳያወጣ በላዩ ላይ ሌላ መጫን፣ በዚያም ላይ ሌላ፤ ጆንያ በጆንያ ላይ። ይህ ትምህርት ለዋቅጅራ ዳቦ ነበር። ሰኔ ሲገባ አንድ ምሽት ከአልጋው ሆኖ ኩራዙን አጠፋ። እታገኝ በጨለማ ውስጥ እየሳቀች መልሳ ለኮሰችው፣ መልሶ አጠፋው፣ መልሳ ለኮሰችው። በዚያ ምሽት ያለቀው ክብሪት ለቤቱ የሳምንት ነበር።

ሰው ግን ሲያገኝ አይበቃውም። አልጋው ሥር የድሮ ጡሩምባ ነበረች፤ አፏ የተጣመመ፣ እድሩ አዲስ ሲያሠራ የጣላት። አንድ ማለዳ እታገኝ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ዋቅጅራ እጁን ሰድዶ ጎተታት። በጀርባው እንደተኛ አፏን ወደ ክፍቱ መስኮት አዞረ። ትንፋሽ ጫነ፣ በላዩ ደረበ፣ በዚያም ላይ ደረበ፣ ለቀቀው።

ወጣ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ የሚል። ዋቅጅራ ደስታው እንባ ሆኖ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ ተሰማው።

የረሳው ነገር ቢኖር የነፋው ምን እንደሆነ ነው። ጡሩምባ በማለዳ ተነፋ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው፤ ለልምምድ የሚባል ሞት የለም። ድምፁ የመጣው ደግሞ ከዋቅጅራ ቤት ነው፤ ሲታመም የኖረ ሰው ቤት። ሰፈርተኛው ጊዜ አላጠፋም። ድንኳን ተሸክመው የሚሮጡት ቀደሙ፣ አግዳሚ ወንበር ተከተለ፣ ሴቶቹ በሩ ላይ ደርሰው ጩኸቱን ለቀቁት።

“ዋቅጅራዬ! ነፍሱ ስትወጣ የራሷን ጡሩምባ ነፍታ ወጣች!” አለች አንዷ፤ ይህን እንዴት እንዳወቀች የጠየቃት የለም።

“አለሁ” አለ ዋቅጅራ ከውስጥ። ማን ይስማው። “አለሁ እኮ!” ድምፁ በሩ ላይ ደርሶ በለቅሶው ተረገጠ። የእድሩ ዳኛ አቶ ደበበ፣ የታሪክ መምህሩ፣ ንግግር ለመጀመር ሰው ሞልቶ እስኪደርስ የማይጠብቁት፣ ከመስኮቱ ሥር ሆነው “ሟች ዝምተኛና ትሑት ሰው ነበር” ማለት ጀመሩ። ዋቅጅራ በሕይወቱ ዝምተኛ ሆኖ አያውቅም። ንዴት ያዘው። ሊሰማ የሚችልበት አንድ መንገድ ብቻ ስለነበረው ጡሩምባዋን አንሥቶ እንደገና ነፋ።

ለቅሶው እጥፍ ሆነ። በዚህ መሐል እታገኝ ዱቄት ተሸክማ ከወፍጮ ስትመለስ ደጇ ላይ ድንኳን ተተክሎ አየች። ዱቄቱ አንድ ወገን፣ እሷ አንድ ወገን ወደቀች። አብዱልፈታሕ ሰውን ገፋ አድርጎ፣ የባልንጀራውን ዓይን ልክደን ብሎ፣ “ኢና ሊላህ” እያለ ገባ። ሟቹ ጡሩምባ ታቅፎ አፈጠጠበት።

“አንተ፣ ሞተሃል ወይስ ትቀልዳለህ?”

“ነፋሁ እኮ አብዱ። ሰማኸኝ?”

“ሰምቼህማ ልቀብርህ መጣሁ!”

በእሑዱ የእድር ስብሰባ ዋቅጅራ በጋሪው ላይ ሆኖ ለፍርድ ቀረበ። ከፈለ ቀድሞ ተነሣ። “ጓድ ሰብሳቢ፣ ይህ ተግባር ሰፊውን ሕዝብ ያደናገረ…”

“ይሄ እድር ነው” አሉ አቶ ደበበ። “ጓድ የለም፣ ጎረቤት ነው ያለው። ባጭሩ ተናገር” አሉና እሳቸው ራሳቸው ስለ እድር ታሪክ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲያበቁ ዋቅጅራ እጁን አወጣ።

“ጥፋቴን አምናለሁ” አለ፤ ሰው ለመስማት አጎነበሰ። “ግን ጡሩምባዬን… መልሱልኝ። መንፋት እችላለሁ።”

“ተኝቶ!” አለ ከፈለ። “ከፍራሽ ላይ ተዘርሮ የሰው ሞት ሊለፍፍ! ነፊ ደጅ ይወጣል፣ ፊቱን ወደ ሰፈሩ ያዞራል፣ ከድልድዩ ማዶ ይሰማል። ደንቡ ይሄ ነው። ሬሳ በሬሳ አይታወጅም።”

ሳቅ ተሰማ፤ ጥቂት ሰውም አፈረ። ዋቅጅራ ግን በንግግሩ ውስጥ ያለችውን ቀዳዳ ያዛት። “ደንቡ ይቆማል… አይልም። ደጅ ይወጣል ነው የሚለው። ተቀምጬስ?”

ሽማግሌዎቹ ተወያዩ። አቶ ደበበ ፈረዱ፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ቀን፣ ሁለቱም ከዳገቱ ጫፍ ይነፋሉ። ሦስት ሰዎች አዌቱን ተሻግረው ያዳምጣሉ። ዋቅጅራ ካልተሰማ ጥያቄው ለዘላለም ይዘጋል፤ ሁለቱም ከተሰሙ የሚሻለውን አዳማጮቹ ይለያሉ። እስከዚያ ጡሩምባ እንዳይነካ፤ ሁለተኛ የውሸት ሞት ከነፋ ከእድሩ ይሰረዛል። ከእድር የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን የለውም፣ ቀባሪ የለውም።

ስለዚህ የሚፈልገውን ነገር ሳይነካ፣ በማይችለው አቀማመጥ፣ በሚጠላው ሰው ፊት ለመንፋት መለማመድ ነበረበት። ሲስተር መንበረ ስትሰማ ዓይኗ በራ።

“ጆንያው ቆሞ እንዳይዘረገፍ ምን ይደረጋል ጋሽ ዋቅጅራ?”

“ይታሰራል።”

“እትዬ እታገኝ፣ መቀነትሽን አምጪ።”

ዋቅጅራ መቀነቱን አይቶ ፊቱን አጠቆረ። “ሲስተር፣ እኔ የሴት መቀነት ታጥቄ ልሙት?”

“ሳይታጠቁም ይሞታሉ። ምርጫው የእርስዎ ነው።”

“ታጠቅ አቦ” አለ አብዱልፈታሕ ከበሩ። “ወገብህ ቀጥኖ ካማረብህ ቆንጆ ባል እንፈልግልሃለን።”

ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን እታገኝ ምንም ሳትል ከዳሌው ጀምራ እስከ ጎድኑ ግርጌ አጥብቃ ጠቀለለችውና ሸሚዙን አለበሰችው። ጋሪው ላይ እንደተቀመጠ የፓፓያውን ዘንግ አፉ ውስጥ ከተተችለት። ሲቀመጥ እንዲህ አንፈቅፍቆ አያውቅም፤ ውኃው ከጠርሙሱ አፍ ዘልሎ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ዋቅጅራ ዘንጉን ከአፉ አውጥቶ ሚስቱን አያት፣ እሷም አየችው፣ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። አብዱልፈታሕ ይህን ሰምቶ ቀልዱን አጠፈና ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ከቡና ጆንያ ጨርቅ፣ የአቡጀዲ ገበር ያለው፣ በመኪና ቀበቶ መቆለፊያ የሚታሰር ሰፊ መታጠቂያ ሰፋ። “ይሄ የወንድ ነው” አለ ሲሰጠው፣ በኩራት። ሲስተር መንበረም አንድ ነገር ጨመረች፤ የጫኝነት ዘመን ያቆየለት የደረት ጡንቻ ስላለው፣ ሲነፋ ክርኖቹን ወደ መሐል አጥብቆ ደረቱን እንዲጨምቅ።

ነሐሴ ግን ነሐሴ ነው። ዝናቡ ሳያቋርጥ አክታው መጣ። ከንፈሩ ጠቆረ፣ ትንፋሹ እንደ ተቀደደ ወናፍ አፏጨ። ጎረቤቶች መጥተው “መስኮቱን ዝጉ፣ አስቀምጡት” ማለት ሲጀምሩ እታገኝ በሩ ላይ ቆመች።

“ውጡልኝ” አለች። “ስድስት ዓመት ሰማኋችሁ።”

አስተኛችው። መዳፎቿን ከጎድኑ ሥር አኖረች። “ጫን ዋቄ። ደርብ። ሌላም ደርብ። አሁን!” ገፋች፣ እሱም ሳለ። ምንም። እንደገና። ምንም። እሷ እያላባት፣ እሱ እየጠቆረ፣ እንደገና። ከዚያ አንድ ነገር ከሥሩ ተነቀለ፤ ዋቅጅራ የሰው ሳል ሳለ፣ ግድግዳ የሚያስተጋባ፣ ባለጌ፣ ወፍራም ሳል፤ አክታው ወጣ። ትንፋሹ ጠራ። ያን ክረምት ሆስፒታል አልገባም። ከወደቀ ወዲህ ያለ ሆስፒታል ያለፈ የመጀመሪያው ክረምት ነበር።

መስከረም በአሥረኛው የአብዮት በዓል አለፈ። ከፈለ ለሰልፉ ሲነፋ ሰንብቶ ከንፈሩ አብጧል፤ ራሱም አብጧል። በጥቅምት፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ቀኑ ደረሰ። አቶ ደበበ ማንም እንዳይደነግጥ ቀድመው ለሰፈሩ አስነገሩ፤ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ለማየት ዳገቱ ጫፍ ወጣ። ለአዳማጭነት ሁለት ሽማግሌዎችና አደ ዙቤይዳ ተመረጡ። አደ ዙቤይዳ ያረጁ እናት ናቸው፣ ጆሯቸው ግን የጎረቤት ሹክሹክታ አያመልጠውም። ከድልድዩ ማዶ ሄደው ተቀመጡ፤ ማን መጀመሪያ እንደሚነፋ አልተነገራቸውም።

ከፈለ ቀደመ። ነፋ፤ ወጣ፣ ወረደ፣ አንቀጠቀጠ፣ መጨረሻ ላይ ጅራት ጨመረለት። የኪነት ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ሰው በለቅሶ ጡሩምባ ሲጨበጨብለት ዓለም ያየው ያኔ ነው።

የዋቅጅራ ተራ መጣ። አብዱልፈታሕ ከጉጉቱ የተነሣ መታጠቂያውን ራሱ አሠረለት፤ የጆንያ አፍ እንደሚያስር፣ ወደ ላይ ስቦ፣ ጎድኑ ላይ፣ ጥርሱን ነክሶ። ዋቅጅራ ጡሩምባውን አነሣ። ሳበ፤ አልገባም። ነፋ። ጡሩምባው እንደ ተረገጠ ጫጩት ሲር ብሎ ዝም አለ።

የከፈለ ጓደኞች ሳቁ። ዋቅጅራ ጡሩምባውን ዝቅ አደረገ። ስድስት ዓመት፣ አንድ ክረምት፣ ያ ሁሉ አሸዋ፣ ያ ሁሉ ውኃ።

“አብዱልፈታሕ!” አለች ሲስተር መንበረ ከሰው መሐል። “ሆዱን እሰር እንጂ ጎድኑን እሰር ማን አለህ? ሰውየው በምን ይተንፍስ?”

እታገኝ ሰውን ጥሳ ገባች። መቆለፊያውን ፈታች፣ መታጠቂያውን ወደ ዳሌው አወረደች፣ ከታች ጀምራ አጠበቀች፣ ጎድኑን ነፃ ለቀቀችው።

“ዕድሉን ተጠቅሟል!” አለ ከፈለ።

“የተነፋና ያልተነፋ የሚለዩት አዳማጮቹ ናቸው፣ አንተ አይደለህም” አሉ አቶ ደበበ። “ሲር ያለ ነገር አዌቱን አይሻገርም፤ አዳማጮቹ ዘንድ ያልደረሰ አልተነፋም። ቀጥል ዋቅጅራ።”

ዋቅጅራ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሽ ሳበ፤ ገባ። በላዩ ደረበ። በዚያ ላይ ደረበ። ክርኖቹን አጠበቀ፣ ጡሩምባውን ወደ አዌቱ አቅጣጫ አቀና፣ ለቀቀው።

ድምፁ ረጅም ነበር፣ ቀጥ ያለ ነበር፤ ከሁሉም ጭንቅላት በላይ አልፎ ቁልቁል ወረደ፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ ተሻገረ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ አለ። ሴቶች ሳያስቡት ነጠላቸውን አጣፉ። የሞተ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አሁን መጠበቅ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቶሎ መጡ፤ “ሁለቱንም ሰምተናል” አሉና ነገሩን አከበዱት። አደ ዙቤይዳ ግን ዳገት የሚወጡት በራሳቸው ዕቅድ ነው፤ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ያርፋሉ፣ መንገደኛ ሰላም ይላሉ፣ ስለ ልጁ ይጠይቃሉ። ዳገቱ ጫፍ ያለው ሰው እግሩን ይቀያይራል። ከፈለ ጥፍሩን ይነክሳል። አብዱልፈታሕ በጥፋቱ እየተቃጠለ ከጋሪው ኋላ “ያ አላህ፣ ያ አላህ” ይላል።

ደረሱ። የሚቀመጡበት ድንጋይ ተሰጣቸው።

“አደ ዙቤይዳ፣ ሰሙ?” አሉ አቶ ደበበ።

“ሁለቱንም ሰማሁ።”

“የትኛው ይሻላል?”

“ተሻለ አልሻለ አላውቅም ልጄ” አሉ። “የመጀመሪያውን ተቀምጬ ሰማሁት፤ ደስ ይላል። የኋለኛውን ስሰማ ግን ተነሥቼ ቆምኩ። ውድድር መሆኑን እያወቅሁ እግሬ ተነሣ። ‘ያረቢ፣ ማን ይሆን?’ አልኩ። ለቅሶ እንዲያ ነው የሚጠራው።”

ከዳገቱ ላይ የተነሣው ድምፅ ከጡሩምባው አይተናነስም ነበር። እታገኝ የጋሪውን እጀታ ይዛ አጎነበሰች። አብዱልፈታሕ መንገደኛውን ሁሉ አቀፈ፤ ከደስታው ብዛት ከፈለንም አቀፈ። ከፈለም ምን ይሁን፣ ጡሩምባውን ለአቶ ደበበ አስረከበ፤ የሮንድ ተራው ከማታ ጀምሮ እንደሆነ ያሰላው ግን በዚያች ቅጽበት ነው።

አቶ ደበበ ጡሩምባውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙ። ሰው ዝም እስኪል ጠበቁ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

“የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ጡሩምባ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ ስንመለከት…”

“ዳኛ” አለ ዋቅጅራ፣ ከጋሪው ላይ፣ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ፣ አንድም ቦታ ሳያርፍ፤ “ንግግርዎን ለቀብር ያቆዩትና ጡሩምባዬን ያምጡልኝ።”

ከኋላ የቆመው ሰው ሳይቀር ሰማው።